የቸኮለ ጭነት፦ የአቅርቦት ሰንሰለት ብክለት የሚወሰነው የት ነው?

እህል ወይም ማዕድን የጫነ መርከብ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ ሞተሩ ሌት ተቀን ይሠራል፤ በየቀኑ ብዙ ቶን ነዳጅ ያልቃል። ወደቡ ደጃፍ ሲደርስ ግን ማራገፊያው በሌላ መርከብ ተይዟል። መልሕቁን ይጥልና ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ተራ ይጠብቃል። የሚገርመው፣ ካፒቴኑ ወረፋ እንዳለ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ሊያውቅ ይችላል። እያወቀም ፍጥነቱን አይቀንስም።

ምክንያቱ ከቴክኖሎጂ ጋር አይገናኝም። ብዙ የመርከብ ኪራይ ውሎች መርከቡ በተቻለ ፍጥነት እንዲጓዝ የሚያስገድድ አንቀጽ አላቸው። ብዙ ወደቦች ደግሞ የሚያስተናግዱት በአመጣጥ ቅደም ተከተል ነው። በዚያ ላይ መርከቡ «ደርሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ሲያሳውቅ የማራገፊያው ጊዜ መቆጠር ይጀምራል፤ የተፈቀደው ጊዜ ካለፈም ተከራዩ ዲመሬጅ የሚባለውን የመዘግየት ክፍያ ለባለመርከቡ ይከፍላል። እንግዲህ ባለመርከቡ ምን ያድርግ? ነዳጁን አቃጥሎ፣ ቀድሞ ደርሶ ቢቆም ያዋጣዋል። ቀስ ብሎ ቢመጣ ውል አፍራሽ ይባላል፤ ተራውንም ያጣል።

ቀስ ማለት ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለማየት ትንሽ ፊዚክስ ያስፈልጋል። መርከብን ለመግፋት የሚጠየቀው ኃይል በግምት የፍጥነቱን ኩብ ተከትሎ ነው የሚጨምረው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ከሞተሩ የሚፈለገው ኃይል በ27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጉዞው ስለሚረዝም የዚህ ትርፍ ከፊሉ ይበላል፤ ያም ሆኖ የጠቅላላ ጉዞው ነዳጅ በ19 በመቶ አካባቢ ያንሳል። አዲስ ሞተር አልተገዛም፣ አዲስ ነዳጅም አልተፈለገም፤ ከአምስት ሊትር አንዱ ሊቀር ምንም አልቀረውም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት አይደለም። በ2021 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮቪድ ምክንያት የሸቀጥ ፍላጎት ሲያሻቅብ፣ በአሜሪካ የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ፊት የኮንቴነር መርከቦች ተኮለኮሉ፤ ወረፋው በከፋበት ጊዜ ከ100 በላይ ሆነው ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የተራ አያያዙ ተቀየረ። መርከቡ ቦታ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ከነበረበት ወደብ በተነሣበት ሰዓት ተሰልቶ እንዲሆን ተደረገ። ተሽቀዳድሞ ደጃፍ ላይ መድረስ ትርጉም አጣ፤ መርከቦቹም ቀስ ብለው መምጣትና ከባሕር ዳርቻው ርቀው መጠበቅ ጀመሩ። በዳርቻው አካባቢ የሚኖረው ሕዝብም ከጭሱ በመጠኑ ተገላገለ።

ስለ አረንጓዴ ሎጂስቲክስ ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪናና ወደ ሃይድሮጅን ይሮጣል። እነሱም ቦታ አላቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። በእኔ እምነት ግን ከብክለቱ ብዙው የሚወሰነው ጠረጴዛ ላይ ነው፦ ግዢው በታዘዘበት ቀን፣ በውሉ አንቀጽ፣ ለደንበኛው ቃል በተገባው የማድረሻ ሰዓት፣ በካርቶኑ ልክ። ሞተሩ የሚያቃጥለው እነዚህ የወሰኑለትን ያህል ነው።

ከሁሉ በፊት ቆጠራው

የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ የአንድን ድርጅት ልቀት ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነው፦ የራሱ መኪናዎች፣ የራሱ ጄኔሬተር። ሁለተኛው ከውጭ የሚገዛው ኤሌክትሪክ የሚያስከትለው ነው። ሦስተኛው የቀረውን ሁሉ ይይዛል፦ ጥሬ ዕቃውን ያመረተው ፋብሪካ፣ ጭነቱን ያመላለሰው መርከብና መኪና፣ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ሲሠራ የሚበላው ኃይል፣ ሲጣል የሚሆነው። በ2011 የወጣው መመሪያ ይህን ሦስተኛ ክፍል ብቻ በ15 ዘርፍ ዘርዝሮታል። ዕቃ ገዝቶ ለሚሸጥ ድርጅት ትልቁ ድርሻ ያለው እዚህ ነው፤ የቢሮውን አምፖል ቀይሮ «አረንጓዴ ሆነናል» ማለት የማያስኬደውም ለዚህ ነው።

ቆጠራው አንዳንዴ ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል። ብዙ ሰው ከሩቅ የመጣ ምግብ ሁሉ በካይ ይመስለዋል። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ38,000 በላይ እርሻዎችን ያካተተ ጥናት ግን ከምግብ ሥርዓቱ ልቀት የማጓጓዣው ድርሻ 6 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ትልቁ ያለው መሬቱ ላይ ነው፦ የተመነጠረው ደን፣ የከብቱ ሚቴን፣ ማዳበሪያው። ከቅርብ የተገዛ የበሬ ሥጋ ከውቅያኖስ ማዶ በመርከብ ከመጣ ምስር እጅግ የበለጠ ሊበክል ይችላል። ስለዚህ መንገዱን ከማሳጠር በፊት «የእኛ ብክለት የት ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። መልሱ ፋብሪካው ወይም እርሻው ከሆነ፣ የማጓጓዣ ማሻሻያው ጥሩ ቢሆንም ዋናውን ነገር አልነካም።

ርቀቱ ራሱም ቢሆን በምን እንደተሸፈነ ካልተነገረ ብዙ አይናገርም። አንድ ቶን ጭነትን አንድ ኪሎ ሜትር ለማጓጓዝ ትልቅ የኮንቴነር መርከብ በግምት ከ10 እስከ 20 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ባቡር ከ20 እስከ 30 ግራም አካባቢ ነው። በደንብ የተጫነ ከባድ መኪና ከ60 እስከ 100 ግራም ይደርሳል፤ አውሮፕላን ከ500 ግራም በላይ። ቁጥሮቹ እንደ መርከቡ፣ እንደ መንገዱና እንደ ጭነቱ ይለዋወጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን በዚህ አይጠፋም።

አንድ ቶን ዕቃ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሂድ እንበል። በመርከብ፣ በ15 ግራም ስሌት፣ 150 ኪሎ ግራም ነው። በአውሮፕላን፣ በ600 ግራም፣ ስድስት ቶን። ዕቃው ከወደቡ ተነሥቶ 500 ኪሎ ሜትር በከባድ መኪና ቢሄድ ደግሞ፣ በ80 ግራም፣ 40 ኪሎ ግራም ይጨመርበታል፤ ይህም ውቅያኖሱን በሙሉ ለማቋረጥ ከወጣው ከሩብ በላይ መሆኑ ነው። የየብሱን ጉዞ ከመኪና ወደ ባቡር ማዞር በብዙ አገሮች እንደ ዋና መፍትሔ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ጥድፊያው ከየት ይመጣል?

አውሮፕላን ውድ ነው። ቀላልና ውድ ከሆኑ ወይም ቶሎ ከሚበላሹ ዕቃዎች በቀር ማንም ወዶ በአውሮፕላን አይጭንም። ብዙ የአየር ጭነት የሚመጣው ከመዘግየት ነው፦ ትእዛዙ ዘግይቷል፣ ፋብሪካው ዘግይቷል፣ መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ሙሉ በሙሉ ይሠራል።

ይህን በደንብ ካስረዱት አንዱ የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. መምህር የነበሩት ጄይ ፎረስተር ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መደብር በሳምንት 100 ዕቃ ይሸጣል እንበል። አንድ ሳምንት 110 ሸጠ። እንዳያልቅበት ሠግቶ 120 አዘዘ። አከፋፋዩ የ120ውን ትእዛዝ ሲያይ ገበያው የደራ መሰለውና ለመጠባበቂያ ጨምሮ 140 ጠየቀ። ፋብሪካው ደግሞ 180 ለማምረት ተነሣ፤ ጥሬ ዕቃው ስላልበቃው በአውሮፕላን አስመጣ። ከወር በኋላ ሽያጩ ወደ 100 ሲመለስ መጋዘኖቹ ሁሉ ሞልተዋል፤ የተረፈው በቅናሽ ይሸጣል ወይም ይጣላል። በሙያው የጅራፍ ውጤት ይባላል፦ እጀታው ጋ ትንሽ የነበረችው እንቅስቃሴ ጫፉ ጋ ስትደርስ ትጮኻለች።

እዚህ ውስጥ ጥፋተኛ ሰው የለም፤ ሁሉም በበኩሉ ተጠንቅቋል። የጠፋው መረጃ ነው። ፋብሪካው የመደብሩን ዕለታዊ ሽያጭ በቀጥታ ቢያይ ኖሮ የ10 ዕቃ ጭማሪ የ80 ዕቃ ድንጋጤ አትሆንም ነበር። ሽያጭን ለአቅራቢ ማሳየት ከሚታወቁት የአካባቢ ጥበቃ እርምጃዎች ተርታ አይቆጠርም፤ ማንም ፎቶ ተነሥቶ አይለጥፈውም። እኔ ግን ጣሪያ ላይ ከሚተከለው ሶላር እኩል፣ አንዳንዴም አብልጬ አየዋለሁ፤ ያልተመረተ ትርፍ ዕቃ ማጓጓዣም፣ ማከማቻም፣ ማስወገጃም አይፈልግምና።

አንዳንዱ ጥድፊያ ግን ከማንም ቁጥጥር ውጭ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲበዛ ብዙ ኩባንያዎች የስዊዝን መስመር ትተው አፍሪካን በደቡብ ዞሩ። በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚደረገው ጉዞ ከሳምንት በላይ ረዘመ፤ አንዳንዶቹም የጠፋውን ቀን ለማካካስ ፍጥነት ጨመሩ። ዓመታት የፈጀ የቁጠባ ሥራ በወራት ሲበላ ታየ። ክምችቱን ከእጅ ወደ አፍ አድርጎ የሚሠራ ድርጅት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ያለው ምርጫ አውሮፕላን ብቻ ነው። ጥቂት መጠባበቂያ መያዝ እንደ ብክነት ይታይ ነበር፤ በልቀት ሒሳብ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

ባዶ አየር ማጓጓዝ

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የጭነት መኪናዎች ከሚጓዙት ርቀት አንድ አምስተኛው ገደማ ባዶ ነው። አድርሶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ማለት ነው። በባሕርም ያው ነው፦ ከፋብሪካ አገሮች ሞልተው የሚወጡ ኮንቴነሮች በመልሱ የሚጭኑት ስለማያገኙ ባዷቸውን ይመለሳሉ።

ከዚህ የተሰወረው ደግሞ የሞላ የሚመስለው ባዶነት ነው። የመኪናው በር ሲከፈት ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። አንዱ ካርቶን ሲከፈት ግን ግማሹ የተጨማደደ ወረቀትና በአየር የተነፋ ፕላስቲክ ነው። መኪናው ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ሞላ። የስዊድኑ ኢኬያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጠረጴዛ እግር እየነቀለ ዕቃውን በጠፍጣፋ ካርቶን መሸጡ የጀመረው በማጓጓዣና በስብራት ወጪ እንጂ በአካባቢ ጥበቃ አይደለም፤ ውጤቱ ግን በአንድ መኪና ላይ ብዙ እጥፍ ዕቃ መጫን ሆነ። የካርቶን ልክን ከፓሌቱ (ካርቶኖች ተደርድረው ከሚነሡበት የእንጨት መደብ) ስፋት ጋር ማጣጣም ዛሬም ቢሆን ከሚገኙት ፈጣን እርምጃዎች አንዱ ነው። የአውሮፓው መደበኛ ፓሌት 1,200 በ800 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካርቶኑ በ20 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ አንድ ረድፍ ካስቀረ፣ ያቺ ስህተት በየፓሌቱ፣ በየመኪናው፣ በየዓመቱ ትደገማለች።

ባዶ መመለስን ለመቀነስ ግን ብልሃት ብቻ አይበቃም፤ መተማመን ይጠይቃል። ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ወደ አንድ ከተማ ግማሽ ግማሽ የተጫነ መኪና ይልካሉ። ጭነታቸውን ቢያጋሩ አንድ መኪና ይበቃ ነበር። የሚያግዳቸው የንግድ ምስጢር ነው፤ የውድድር ሕግም የዋጋና የደንበኛ መረጃ እንዳይለዋወጡ ያስፈራራቸዋል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መረጃውን ይዞ መኪናውን የሚመድብ ገለልተኛ ሦስተኛ ወገን ማቆም ነው።

መንገድን በሶፍትዌር ማቀድም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የአሜሪካው ዩፒኤስ ኦሪዮን በሚለው የመንገድ ማቀጃው በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 160 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንደሚቀንስ ይናገራል። ከታወቁት ዘዴዎቹ አንዱ በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ግራ መታጠፍን በተቻለ መጠን መሸሽ ነው፤ መኪናው ከፊት የሚመጣው ትራፊክ እስኪያልፍ ቆሞ ሲጠብቅ በከንቱ ነዳጅ እንዳያቃጥል።

ነዳጁስ?

እዚህ ጋ ነገሩ ለየትራንስፖርቱ ይለያያል። በከተማ ውስጥ ዕቃ ለሚያድሉ ትንንሽ መኪናዎች ኤሌክትሪክ ዛሬውኑ ይሠራል፤ በቀን የሚሄዱት ርቀት አጭር ነው፣ ማታ ተሰብስበው ይሞላሉ። ለረጅም ርቀት ከባድ መኪና የባትሪው ክብደትና የመሙያ ጣቢያው እጥረት ገና ፈተና ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ መሠረት የአዳዲስ ከባድ መኪናዎች ልቀት ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በ2030 በ45 በመቶ፣ በ2040 በ90 በመቶ መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ አምራቾቹ ወደዱም ጠሉም መንገዱን ጀምረዋል።

መርከብ ከባዱ ነው። ከዓለም ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚጓዘው በባሕር ሲሆን፣ ዘርፉ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 3 በመቶ ገደማ ይይዛል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2020 በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደውን ሰልፈር ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ሲያወርድ የወደብ ከተሞች አየር ተሻሻለ። አንዳንድ ባለመርከቦች ግን ርካሹን ነዳጅ ላለመተው ጭሱን በባሕር ውኃ የሚያጥብ መሣሪያ ገጠሙ፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች እጣቢውን መልሰው ባሕሩ ውስጥ ይደፉታል። አንዱን ጉድጓድ ሲደፍኑ ሌላ መቆፈር ይሉሃል ይህ ነው።

በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሄዱ መርከቦችም ተመሳሳይ ጥያቄ አለባቸው። ጭሱ ከተለመደው የመርከብ ነዳጅ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ትንሽ መንጠባጠብ ጥቅሙን ይበላዋል። በ2023 በአረንጓዴ ሜታኖል (በታዳሽ ኃይል በሚሠራ የአልኮል ዓይነት ነዳጅ) መሥራት የሚችለው የመጀመሪያው የኮንቴነር መርከብ፣ የማርስክ ኩባንያው ላውራ ማርስክ፣ ከደቡብ ኮርያ ኡልሳን ተነሥቶ ኮፐንሃገን ደረሰ። መርከቡ አለ፤ የሚያንሰው በታዳሽ ኃይል የተሠራው ሜታኖል ነው፤ ከድንጋይ ከሰል የተሠራ ሜታኖል ከሆነማ ምን ትርፍ አለው? ሌላው አማራጭ ነዳጅ አሞንያ ካርቦን የለውም፤ ግን መርዛማ ነው። ነፋስም እየተመለሰ ነው፦ በዚያው በ2023 ፒክሲስ ኦሽን የተባለ ጅምላ ጫኝ መርከብ 37.5 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ጠንካራ ሸራዎች ተተክለውለት ጉዞ ጀምሯል።

የባሕር ድርጅቱ አባላት በ2050 አካባቢ ዜሮ ለመድረስ በ2023 ተስማምተዋል። ልቀትን የሚያስከፍለውን ማስፈጸሚያ የማጽደቁ ውሳኔ ግን በኦክቶበር 2025 ለአንድ ዓመት ወደፊት ተገፍቷል። የአውሮፓ ኅብረት ሳይጠብቅ ከ2024 ጀምሮ ወደቦቹን የሚነኩ ትላልቅ መርከቦችን ለሚለቁት ካርቦን በሚያስከፍለው የካርቦን ገበያው ውስጥ አስገብቷል።

ቅዝቃዜው፣ የመጨረሻው ኪሎ ሜትርና ማረጋገጫው

በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ምግብ በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች እንዲቀመጥ የተለመደው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። በ2023 በተጀመረ እንቅስቃሴ በዘርፉ ያሉ ኩባንያዎች ወደ 15 ከዜሮ በታች ቢነሣ ለብዙ ምግቦች በቂ ነው እያሉ ነው፤ ሦስት ዲግሪ በዓለም መጋዘኖች ሁሉ ሲባዛ ብዙ ኤሌክትሪክ ነው። የማቀዝቀዣው ጋዝ መፍሰስም አይናቅም፤ አር-404ኤ የሚባለው አንድ ኪሎው ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። በሌላ በኩል፣ ቅዝቃዜ ባለመኖሩ የሚበሰብሰው ምግብም የራሱ ልቀት አለው፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ መቀነስ ሁልጊዜ ቁጠባ አይሆንም።

እስከ ደጃፍ ማድረስ ደግሞ የጊዜ ገደቡ ነገር ነው። አከፋፋዩ ሁለትና ሦስት ቀን ካገኘ የአንድ ሰፈር ትእዛዞችን አጠራቅሞ በአንድ ዙር ያደርሳል፤ «ዛሬውኑ» ከተባለ ግማሹ ባዶ የሆነ መኪና ይወጣል። ደንበኛው ቤት ሳይገኝ ሲቀር፣ ዕቃው ሲመለስ፣ መንገዱ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚያስተካክል ሰው መለካት አለበት። በ2023 የወጣው አይኤስኦ 14083 የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት የትራንስፖርት ሰንሰለት ልቀት እንዴት እንደሚሰላ አንድ መለኪያ ሰጥቷል። አጓጓዡ ሪፖርት ሲያመጣ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ቁጥሩ የመጣው ከተቀዳው ነዳጅ ነው ወይስ ከአማካይ ሠንጠረዥ? ከሠንጠረዥ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ የሄደውና የተጣደፈው መርከብ እኩል ይወጣሉ። ልቀቱን ሳይነካ ሩቅ አገር ዛፍ አስተክያለሁ የሚለው ማካካሻ ደግሞ፣ ዛፉ መጽደቁ ካልተረጋገጠ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በመጨረሻ የማይቀረው ጥያቄ ዋጋው ማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ትልልቅ ገዢዎች ለአቅራቢዎቻቸው ረጅም የልቀት መጠይቅ ይልካሉ፤ ከዚያው ቢሮ የሚወጣው ሌላ ደብዳቤ ዋጋ ቀንሱ፣ ቀኑን አሳጥሩ ይላል። የግዢ ሠራተኛው ጉርሻ የሚሰላው በነጠላ ዋጋ ብቻ እስከሆነ ድረስ የትኛው ደብዳቤ እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። መርከብ ቀስ ሲል ዕቃው ባሕር ላይ የሚቆይበት ቀን ይጨምራል፤ በዚያ ዕቃ የታሰረው ገንዘብም አብሮ ይቆያል። ክፍያው ዕቃው ከደረሰ ከ90 ቀን በኋላ ከሆነ፣ የዘገየውን ቀን ወለድ የሚከፍለው በመንገዱ መነሻ ያለው አነስተኛው አምራች ነው። ስለዚህ ቀርፋፋ መርከብ የሚፈልግ ገዢ ከማጓጓዣ ውሉ ጋር የክፍያ ውሉንም አብሮ ይክፈተው፤ ክፍያው ዕቃው መርከብ ላይ በተጫነበት ቀን እንዲቆጠር ማድረግ ይቻላል።